ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈው

«መሐል የቆመችው ደግሞ የጌታው ሚስት ናት» አለች የሙዚየሙ ልጅ፣ ነጭ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ የቲርዛን እናት እያሳየች።

ቲርዛ ስታኒፎርዝ ባለፈው ሰኔ ሰባ ዓመት ሞልቷታል። ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ይማረራል፣ ጆሮዋ ግን ምንም አልሆነም፤ የተባለውን በደንብ ሰምታዋለች። ኮፍያዋን እንዳደረገች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፎቶግራፉን አየችው። ከመሳቢያዋ አውጥታ ያመጣችላቸው ራሷ ናት፤ ያኔ የመዳፍ ያህል ነበር፣ አሁን አሳድገውት በር አክሏል። አሥራ አንድ ልጃገረዶች ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው፣ ከአንገት እስከ እግራቸው በወረቀት ሽርጥ ተጠቅልለው፣ ፊታቸው ጥቁር በጥቁር ሆኖ ጥርሳቸው ብቻ ይስቃል። ሻሾቹ ቀይ ነበሩ፤ ፎቶው ይህን አያሳይም፣ ቲርዛ ግን ታውቀዋለች። ከግራ ሦስተኛዋ፣ ዓይኗን የጨፈነችው፣ እሷ ናት፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ። መሐል ላይ እጇን አጣምራ የቆመችው፣ ከሁሉም አጭር ሆና ሳለ ከሁሉም የገዘፈችው ደግሞ እናቷ ዚላ። ከሥሩ በተለጠፈው ካርድ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ይህ ነበር፦ የጌታው ሚስት ከማንኪያ ወልዋይ ልጃገረዶች ጋር፣ ሼፊልድ፣ 1927። ስም የለ፣ ምን የለ።

«የማን ሚስት?» አለች ቲርዛ።

ልጅቷ ፊሊፓ ትባላለች። ከደቡብ የመጣች፣ የተማረች፣ ሥነ ሥርዓቷ የማይነቀፍ ልጅ ናት። «የወርክሾፑ ጌታ ሚስት፣ ሚስ ስታኒፎርዝ። እርስዎ ራስዎ ሚሲስ ናት ብለውኝ የለም?»

ብላለች፣ አልካደችም። ነገሩ እንዲህ ነው። «ሚሲስ» የምትባለዋ ቃል እንደ ተናጋሪው ናት። ከስም በፊት ከመጣች ያገባች ሴት ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ባል መጠጥ ቤት ተጎልቶ «ሚሲስ ትጠብቀኛለች» ካለ ሚስቱን ማለቱ ነው። ዓሣ ሻጩ ስሟን የማያውቃትን ሴት «ምን ልስጥሽ፣ ሚሲስ?» ይላታል። የቤት ሠራተኛም እመቤቷን እንዲሁ ትጠራለች። በሼፊልድ፣ ማንኪያና ሹካ በሚወለወልባቸው ግቢዎች ውስጥ ግን ሚሲስ ማለት አሠሪ ማለት ነበር፤ ክፍሉን ከነመወልወያ መንኮራኩሩ ተከራይታ፣ ከፋብሪካዎቹ ሥራ ተቀብላ፣ ሴቶቹን የምትቀጥረውም የምታባርረውም ሴት። ባል ይኑራት አይኑራት የጠየቀ የለም። የአንዱ ጌታ ሚስት ወደዚያ ግቢ ብቅ ብላ እኔም ሚሲስ ነኝ ብትል ኖሮ፣ ሴቶቹ በሳቅ ፈርሰው ሽርጥ ያስታጥቋት ነበር።

ቲርዛ ደግሞ ቃሉን እንደ ማንም አልተማረችውም። በአሥራ አራት ዓመቷ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትጀምር፣ እናቷ የግቢው በር ላይ አስቁማ «ከዚህ ወዲያ እናት የለሽም። እንደ ሌሎቹ ሚሲስ ነው የምትይኝ» አለቻት። በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሹካ ከእጇ አምልጦ ጣሪያውን ሲመታ፣ ደንግጣ «እማ!» ብላ ጮኸች። እናቷ አልሰማችም። ሁለተኛም ጠራቻት፣ አልሰማችም። ሴቶቹ አንድ በአንድ መንኮራኩራቸውን ትተው መሳቅ ጀመሩ። «ሚሲስ» ስትል ገና ዚላ ዞር ብላ «አቤት፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት፣ ጣቷንም አገላብጣ አየችላት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሚሲስ ነበረች፣ ከዚያ በኋላ እናት። ማንኪያው የሚወለወልበት እርጥብ አሸዋ የሴቶቹ አንገት ሥር ገብቶ ይበላቸው ነበር፣ ትራም ላይ ሰው ልብሱን እየሰበሰበ ይሸሻቸው ነበር። ግን አሥራ ሁለት ሴት በአንድ ድምፅ መዝሙር ሲያነሳ የመንኮራኩሮቹ ጩኸት ይዋጥ ነበር። አውራጇም ዚላ ነበረች። እንዲያ ያለ ዘፈን ዛሬ ከየት ይመጣል?

«ልጄ፣ ተሳስተሻል» አለች ቲርዛ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «እናቴ የማንም ጌታ ሚስት አልነበረችም። ወርክሾፑ የራሷ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያድረው በእሷ ነው።»

ፊሊፓ ፊቷ ቀላ። ወረቀቶቿን አገላበጠች። «እኔም እኮ ነገሩ ግራ ስለገባኝ ነው እህትዎን የጠየቅኳቸው። አድራሻቸውን ሰጥተውኝ የለ? ቶትሊ ድረስ ሄጄ ነበር። አባታችን የወርክሾፑ ጌታ ነበር፣ እናታችን ሚስቱ ናት፣ እንዲያው አልፎ አልፎ ብቅ ትል ነበር አሉኝ። ይኸው፣ ጽፌዋለሁ።» ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «ሙዚየሙ ቅዳሜ ይከፈታል። የሚታተመውን ጽሑፍ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው የማስረክበው። ከዚያ በኋላ በብረት ላይ ይቀረጻል፣ መለወጥ አይቻልም። እርስዎና እህትዎ ተነጋግረው የሚሉኝን እጽፋለሁ።»

ቲርዛ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። ደሟ ፈልቶ ነበር። አልፎ አልፎ ብቅ ትል ነበር! አርባ ዓመት ከመንኮራኩሩ አጠገብ ያልጠፋችው ዚላ፣ ሳንባዋ አሸዋ ጠጥቶ ጠጥቶ የሞተችው ዚላ፣ እንደ እንግዳ ብቅ ትል ነበር። ፊሊፓ ከታች ካለው ሻይ ቤት ሻይ ልጋብዝዎት ብትላት፣ ዋጋው ሠላሳ ፔንስ መሆኑን ሲገቡ አንብባው ስለነበር፣ ለአንድ ስኒ ሻይ ሠላሳ ፔንስ ከሚከፈል ብጠማ ይሻለኛል ብላ ወጣች። ሻይ ቤቱ የተከፈተው ድሮ የሞረድ ፋብሪካ ምድጃ በነበረበት ቦታ ነው።

የቶትሊው አውቶቡስ ፎቅ ላይ ወጥታ ከፊት ተቀመጠች። ከተማዋ ከሥሯ ስታልፍ ትቆጥር ነበር፤ እዚህ ጋ ቀንድ ለቢላ እጀታ ይቆረጥ ነበር፣ እዚህ ጋ መቀስ ይገጣጠም ነበር፣ አሁን የመኪና ማቆሚያ ነው። እዚህ ጋ የሥጋ ስብ የተቀባ ዳቦ በትኩሱ የምትሸጠው ሴትዮ ነበረች፣ አሁን ምንጣፍ ይሸጥበታል። ከዚህ ሁሉ የተረፈ አንድ ፎቶግራፍ ነው፣ እሱንም እህቴ አበላሸችው ብላ አሰበች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። በጣም ጥሩ ጥሩ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ አንዱንም አልተናገረችውም።

ሮዳ በስምንት ዓመት ትበልጣታለች። ወርክሾፑን ረግጣ አታውቅም፤ ባርኔጣ ሱቅ ሠርታ፣ የባንክ ጸሐፊ አግብታ፣ ወደ ኮረብታው ወጥታ ቀረች። አሁን ባሏ ሞቷል፣ ልጇ ክሊፎርድ በአባቱ ባንክ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ በጸሎት ቤቱም ሽማግሌ ነው፤ ፎቶው ከጋዝ ምድጃው በላይ ተሰቅሏል። ሳሎኑ ምንጣፍ በምንጣፍ ነው። ሮዳ በሩን ስትከፍት «ጉድ ነው፣ በሐሙስ!» አለች፤ ቲርዛ የምትመጣው በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነውና። ሻይ በደህናዎቹ ስኒዎች አቀረበች፤ ቲርዛም ያን ጊዜ ለምን እንደመጣች እህቷ መገመቷን አወቀች፤ በዘወትር ቀን በደህናው ስኒ ሻይ ተሰጥቷት አያውቅም። ስለ ጉልበት ተጨዋወቱ። ስለ አበባ ጎመን ዋጋ ተጨዋወቱ። የክሊፎርድ ሚስት መጋረጃ እንደቀየረች ተነገረ። ከዚያ ወሬው አለቀና የጋዙ እሳት ብቻ ሹ ይል ጀመር። በእነሱ መካከል ስለ ወርክሾፑ ተነስቶ አያውቅም፣ ስለ አባትም እንዲሁ።

«ከሙዚየሙ ነው የመጣሁት» አለች ቲርዛ በመጨረሻ።

«ገብቶኛል።»

«እንዴት እንዲህ ትያለሽ፣ ሮዳ? እናታችንን የእንግዳ ያህል?»

ሮዳ ስኒዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ምን ልበል? አባታችን ኢኖክ ራግ ሂሊ ውስጥ ሚስትና አምስት ልጅ ነበረው፣ ከእናታችን የወለዳቸው ሁለት ደግሞ እኛ ነን ልበል? ለዚያች ልጅ እግር?»

«ስለ ኢኖክ ራግ ማን ጠየቀሽ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ግቢ ማንም አልጠየቀም።»

«በግቢው!» ሮዳ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። «አንቺ መቼ ከግቢው ወጥተሽ ታውቂና ነው?»

ከዚያ ነገረቻት። ቲርዛ ይህን ነገር በሰባ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ዓመቱ 1913 ነው፤ ቲርዛ ገና ጡት አልጣለችም። የጰራቅሊጦስ ሰኞ፣ የየጸሎት ቤቱ ልጆች ነጭ ለብሰው ሰንደቃቸውን ይዘው ወደ መናፈሻው በሚሰለፉበት ቀን። የትልቁን ሰንደቅ ሪባን የሚይዙት አራት ልጆች ብቻ ናቸው፣ ሮዳም ጥቅስ በቃሏ በማጥናት አሸንፋ ከአራቱ አንዷ ሆነች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዚላ ልብሱን አራት ሌሊት ቁጭ ብላ ሰፋችላት፤ ጣቷ ሻካራ ስለነበር ጨርቁን እንዳይነካካባት የቤት አከራያቸውን የሐር ጓንት ተውሳ ሰፋችው። ሰልፉ ሊነሳ ሲል አንዲት ሴትዮ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጆሮው ላይ አንሾካሾከችለት። ኃላፊው መጣ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሪባኑን ከሮዳ እጅ ፈልቅቆ ለሌላ ልጅ ሰጠ። ያለ ጋብቻ የተወለደች ልጅ ሰንደቅ አትይዝም ብሎ ለዚላ የነገራት እዚያው መንገዱ ላይ ነው፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ። ዚላ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ሮዳን በእጇ ይዛ፣ በሰልፉ መሐል ወደ ኋላ ሄደች። ባንዱ እየነፋ፣ ልጆቹ እየዘመሩ፣ እነሱ ብቻ ወደ ኋላ።

«በሳምንቱ ከወንዙ ማዶ ቤት ተከራየች» አለች ሮዳ። «ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ቀለበት ገዛች። ጸሎት ቤት ቀየርን። ሰው ሲጠይቅሽ አባቴ ባለ ወርክሾፕ ነው በይ አለችኝ። እናቴ ናት እንዲህ በይ ያለችኝ፣ ቲርዛ። እኔ የፈጠርሁት ነገር የለም።»

ቲርዛ ያንን ቀለበት ታውቀዋለች። ሰንበት ሰንበት ይደረጋል፣ ሰኞ ጠዋት ይወልቃል። መንኮራኩር ላይ ቀለበት አደገኛ ስለሆነ፣ ያገቡትም ሁሉ ሥራ ሲገቡ ስለሚያወልቁ፣ አንድም ቀን ደንቋት አያውቅም።

«አንቺ የሚሲስ ልጅ ሆነሽ ነው ያደግሽው» አለች ሮዳ። «ሰው ሁሉ የሚፈራት፣ ሰው ሁሉ የሚወዳት። እኔ ግን የማንም ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት። አሁን ክሊፎርድ ቅዳሜ ሚስቱንም ልጆቹንም ይዞ ሊመጣ ነው። ግድግዳው ላይ ምን እንዲያነብ ነው የምትፈልጊው?»

ቲርዛ በዚያ ለስላሳ ወንበር ውስጥ ሰምጣ እህቷን አየቻት፤ የተሠራ ፀጉር፣ ጥንቅቅ ያለ ልብስ፣ ፍጹም ቀጥ ያለ ወገብ። ዕድሜዋን ሙሉ ይህቺ ሴት ኩራተኛ ናት ብላ ታማት ነበር። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ «ልዕልት እህትሽ እንዴት ናት?» ሲሏት አብራ ስቃለች። አሁን አፈረች፣ አዘነችም። እናቷን በስሟና በሥራዋ ግድግዳ ላይ ማየት በሕይወት ከቀሯት ነገሮች ሁሉ የሚበልጥባት ነው፤ ግን ለዚህ ብላ ያንን ሪባን ሁለተኛ ጊዜ ከዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ ፈልቅቃ መውሰድ አልሆነላትም።

«ስልክሽን አውሺኝ» አለች። «እንዳለ ይቅር ብዬ ልንገራት።»

ሮዳ ወደ ስልኩ በእጇ አመለከተች። ቲርዛ የንባብ መነጽሯን ከቦርሳዋ እየፈለገች ሳለች ግን፣ ሮዳ ከኋላዋ፣ ቀስ ብላ፣ «ምን ትመስላለች?» አለች።

«ማን?»

«እናታችን። በፎቶው ላይ። በሥራ ልብሷ አይቻት አላውቅም። ታጥባ፣ ለውጣ ነበር ቤት የምትገባው። በዚያ በኩል እንዳላልፍ አስምላኛለች።»

ቲርዛ ምን ብላ ትንገራት? መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ተወችው። ሮዳ ኮቷን ከመስቀያው አወረደች።

ሙዚየሙ ሲደርሱ ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ፊሊፓ ወንበር ልታቀርብ ሮጠች፤ ሮዳ አልተቀመጠችም። ፎቶግራፉ ፊት ሄዳ ቆመች። የእናቷ ፊት ከእሷ ፊት ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነበር። እጅጌዋ እስከ ክንዷ ተጠቅልሏል፤ ክንዷ የወንድ ክንድ ነው። ወረቀት ሽርጧ በገመድ ታስሯል፣ ቅልጥሟ ላይ ጋዜጣ ተጠምጥሟል፣ ከግንባሯ እስከ አንገቷ አሸዋና ዘይት ነው። ሰንበት ሰንበት አንገቷን ደፍታ ከጸሎት ቤቱ ኋለኛ ረድፍ የምትቀመጠዋ ሴት እዚህ የለችም። ይህቺ አገጯን ቀና አድርጋ ፎቶ አንሺውን ራሱን የቀጠረችው ይመስል ታየዋለች። ሮዳ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ቀጥላ ልጃገረዶቹን አንድ በአንድ አየች፣ ከግራ ሦስተኛዋ ጋ ስትደርስ «ዓይንሽን ጨፍነሻል» አለች።

«ካስነጠሰኝስ?»

«ሁልጊዜ እንዲሁ ነሽ።»

ፊሊፓ በእርሳስ የጻፈችውን ካርድ ይዛ ቀረበች። ከአንዷ ወደ አንዷ እያየች፣ በጥንቃቄ፣ «እንግዲህ ምን ወሰናችሁ?» ብላ ጠየቀች። «እንዳለ ይሁን ካላችሁ፣ የባልየውንም ስም ብጨምርበት ጥሩ ነው። ሰው ይጠይቃል።»

ቲርዛ ጉሮሮዋን አጠራች። በአውቶቡስ ስትመጣ ያጠናችው ቃል ነበራት፦ እንዳለ ይቅር፣ ስም አያስፈልግም። አፏን ከፈተች።

«ባል አልነበራትም» አለች ሮዳ።

ሮዳ ፊቷን ከፎቶግራፉ አላነሳችም። «ባለፈው የነገርኩሽ ልክ አይደለም፣ ልጄ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ባል አልነበራትም፣ ወርክሾፑ የእሷ ነበር፣ ሴቶቹን ያሠራችውም እሷ ናት። ዚላ ስታኒፎርዝ ብለሽ ጻፊ። ከሥሩ ሚሲስ በይ፣ ምን ማለት እንደሆነም እዚያው ጻፊ፤ እህቴ ትነግርሻለች። እሷ ናት የምታውቀው።»

ፊሊፓ እርሳሷን አወጣች። ቲርዛ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቆመች። በሦስተኛው ተናገረች፣ ልጅቷም ቃል በቃል ጻፈች፣ አነበበችላቸውም። አሥር ሰዓት ሲሞላ ካርዱን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

ውጭ ካፊያ ጀምሯል። ሁለቱ እህትማማቾች የአውቶቡስ ማቆሚያው መጠለያ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ ቲርዛም እዚያ ስትደርስ አለቀሰች፤ ሳትደብቅ፣ እንደ ልጅ። ሮዳ ከእጅጌዋ መሐረብ መዝዛ ጭኗ ላይ ጣለችላት።

«አፍንጫሽን ጥረጊ። ሰው ያየናል።»

«ክሊፎርድን ምን ትይዋለሽ?»

«ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። ከግድግዳ ላይ ከሚያነበው ከእኔ ይስማው።»

«አብሬሽ ልምጣ?»

«አያስፈልግም» አለች ሮዳ። ቆየት ብላ ደግሞ «እሺ፣ ነይ» አለች።

የቶትሊው አውቶቡስ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። ሮዳ አልተነሳችም። ሹፌሩ ጠብቆ ጠብቆ፣ እጁን አወናጭፎ ሄደ። ቲርዛ በመገረም አየቻት።

«ሌላ ይመጣል» አለች ሮዳ፣ ኮቷን ጉልበቷ ላይ እየሰበሰበች። «ስለዚያ ወርክሾፕ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

ቲርዛ አፍንጫዋን ጠረገችና ከሰኞ ጠዋት ጀመረች።